በወረርሽኝ ጊዜ የዓይን ብግነት ክትትል በስልክ ይበቃል? (ክርክር)

የክርክሩ ነጥብ፦ ዩቪያይትስ የሚባለውና ለዓመታት የሚመላለሰው የዓይን ውስጥ ብግነት ያለበት የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ፣ ወረርሽኝ ሲነሣ የሆስፒታል ቀጠሮው ተራዝሞ ክትትሉ በስልክ ቢሆን ይሻላል ወይስ አይሻልም? ይሻላል የሚሉት በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርስ ናቸው፤ አይሻልም የሚሉት ደግሞ ሕመሙ ያለባቸውና በቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወራት ነው።

ሲስተር፦

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነግሮ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ከተማውን በማቋረጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መድረስ ራሱ አደጋ ነበረው። ሚኒባስ የሚጭነው ሰው በግማሽ ቀንሶ ታሪፉ በእጥፍ ጨመረ፤ ወንበር ላይ የተገኘው መራራቅ ግን ታክሲ ለመያዝ በሚደረገው ሰልፍ ላይ ይጠፋ ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰው ብቻውን ስለማይወጣና ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ይዞ ስለሚመጣ፣ ለአንድ ቀጠሮ የሚጋለጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ምርመራውም ቢሆን ከሌላው ሕክምና የበለጠ ቅርበት ይጠይቃል፤ ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን ማጉያ መሣሪያ የሚመረምር ሐኪምና ታማሚው ትንፋሽ ለትንፋሽ ተቀራርበው ነው የሚቀመጡት። ስለ አዲሱ በሽታ ባልደረቦቹን አስጠንቅቆ በጥር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያው በሽታ ያረፈው ቻይናዊው ዶክተር ሊ ዌንሊያንግ የዓይን ሐኪም ነበር።

በዚህ ላይ ብግነቱን ለማብረድ የሚሰጡት እንደ ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴትና አዛታዮፕሪን ያሉ መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል አቅም ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣና 40 አገሮች ውስጥ ያሉ 600 የመገጣጠሚያና ተዛማጅ የብግነት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች መረጃ የያዘ ጥናት፣ በቀን 10 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱት በኮሮና ሲያዙ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጥ፤ ለሜቶትሬክሴት የሚያስፈልገው የደምና የጉበት ምርመራ እኛው ጤና ጣቢያ ይሠራ፤ ነርስ በየሁለት ሳምንቱ እየደወለች ትጠይቅ፤ ሆስፒታል የሚሄደው የባሰበት ብቻ ይሁን።

መምህር፦

የሲስተር ሐሳብ ለታማሚ የተቆረቆረ ሐሳብ ነው፤ ሕመሙ ግን በስልክ አይታይም። ብግነቱ በፊተኛው የዓይን ክፍል ሲሆን ዓይን ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ብርሃን ይጠላል፤ ያን ጊዜ ታማሚው ሳይጠየቅም ይናገራል። ከኋላ፣ ብርሃን ወደሚቀበለው ሽፋን ወደ ሬቲናው ሲጠጋ ግን ሕመምም መቅላትም ላይኖር ይችላል፤ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ ይታያል፣ ንባብ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ሰውየውም መነጽሩ ያረጀ ይመስለዋል። ነርሷ ስትደውል ደግሞ የእኛ አገር ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲስተር ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ እንኳ ዋናውን ነገር የሚያነሣው ሊወጣ ሲል ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግፊቱ ነው። የስቴሮይድ (የፕሬድኒሶሎን ዓይነት ብግነት አብራጅ መድኃኒት) ጠብታ ለሳምንታት ሲወሰድ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጤናማው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ከ30 ሲያልፍ እንኳ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እንዲያውም ጠብታው ብግነቱን ስላበረደለት ከወትሮው የተሻለው ይመስለዋል። ግላኮማው፣ ማለትም ግፊቱ በዓይን ነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ የዳር እይታውን ከወሰደበት በኋላ ግን የጠፋው እይታ አይመለስም። የሦስት ወር ጠብታ በአንድ ጊዜ አስይዞ መሸኘት ማለት እንግዲህ መድኃኒቱንም ጉዳቱንም ያለ ተቆጣጣሪ ቤት መላክ ነው።

ሲስተር የጠቀሱት ጥናትም ከእርሳቸው ይልቅ እኔን ይደግፋል። አደጋው ከፍ ያለው ከ10 ሚሊ ግራም ጀምሮ ከሆነ፣ ታማሚውን ከዚያ በታች ማውረድ የሁላችንም ፍላጎት ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚቀነሰው ግን ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ «ብግነቱ ሰክኗል» ሲል ብቻ ነው፤ ያላየ ሐኪም አይቀንስም፣ ቢቀንስም በግምት ነው። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ታማሚው ከፍ ባለው መጠን ላይ ይቆያል ማለት ነው። ያው ጥናት ሜቶትሬክሴትን የመሳሰሉትን መድኃኒቶች ሆስፒታል ከመግባት ጋር አላያያዘም፤ ስለዚህ ስለ መድኃኒቶቹ ሁሉ በጅምላ ማስፈራራት አይገባም። በኮሮና ወራት ሰፈራችን ውስጥ «አቅም ያዳክማል» የሚለውን ወሬ ሰምተው ፕሬድኒሶሎናቸውን በአንድ ጊዜ የጣሉ ሰዎች ነበሩ። ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ብግነቱ ይመለሳል፤ ሰውነትም ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለዘነጋ ሰውየው ራሱን እስኪስት ሊደክም ይችላል።

ሲስተር፦

መድኃኒት በድንገት እንዳይቆም የሚከለክለው ያ የምሟገትለት የስልክ ጥሪ ነው፤ ወሬው ቤት ለቤት ሲዞር ሆስፒታሉ አልሰማም ነበር። «ደህና ነኝ» ስለሚባለው መልስ ግን እውነትዎን ነው። ስለዚህ ጥሪው «እንዴት ነዎት?» ብሎ አያብቃ፤ ታማሚው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከተለመደው ቦታ ሆኖ ያንብብ፣ ከዚያም ሌላውን ሸፍኖ ይድገም፣ ያነበበውንም ለነርሷ ይንገር። በሁለት ዓይን ሲያነብ ያልታወቀው ልዩነት ያን ጊዜ ይታያል።

ስለ ግፊቱ የተናገሩትን አልክድም፤ ሆኖም ግፊት ለመለካት የግድ ምኒልክ መሄድ የለብዎትም። በእጅ የሚያዝ የግፊት መለኪያ ለጤና ጣቢያ ቢሰጥ፣ የሠለጠነ የዓይን ነርስ ይለካዋል። መምህር ደግሞ ሁሉንም ታማሚ በራሳቸው ሕመም ልክ ያዩታል። ብግነቱ ከዓመት በላይ ጸጥ ያለለት፣ በቀን አንድ ጠብታ ብቻ የሚያደርግ ወጣት አለ፤ በስቴሮይዱ ምክንያት ስኳርና ደም ግፊት የጨመረባቸው የ70 ዓመት አዛውንትም አሉ። እርሳቸው በሰልፍ መካከል ቢያዙ የሚከፍሉት ዋጋ ከወጣቱ ጋር አይተካከልም።

መምህር፦

የግፊት መለኪያው ጤና ጣቢያ መግባቱን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። በዓይን ውስጥ የሚንሳፈፉትን የብግነት ሕዋሳት ግን መለኪያው አይቆጥርም፤ ለዚያ ስሊት ላምፕና የሚያነብለት ባለሙያ ያስፈልጋል። የቀን መቁጠሪያው ዘዴም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እይታ ሲቀንስ የሚይዘው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፣ ምርመራ የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ያ ወጣትና ያ አዛውንት አንድ አይደሉም ማለትዎ ትክክል ነው። ታዲያ ማን ቤቱ ይቆይ፣ ማን ይምጣ የሚለውን የሚለይ ማን ነው? በእኔ እምነት ዝርዝሩን ማውጣት ያለበት የዓይን ሐኪሙ ነው፤ ያውም ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ሰው ካርድ ላይ «ከዚህ ያህል ሳምንት በላይ ሳይታይ እንዳይቆይ» ብሎ ይጻፍ። መጠኑ በመቀነስ ላይ ያለ፣ አዲስ መድኃኒት የጀመረ፣ አንድ ዓይን ብቻ የቀረው፣ እንዲሁም ዕድሜው ስላልደረሰ የሚሰማውን መናገር የማይችል ልጅ በፍጹም ወደ ስልክ መዛወር የለባቸውም። ሌላም የማይረሳ ነገር አለ፦ በማኅበረሰብ ጤና መድህን የሚታከም ሰው ሆስፒታል የሚሄደው ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ ነው። በስልክ «ባስዎታል፣ ቶሎ ይሂዱ» የተባለ ታማሚ ወረቀቱን ለማጻፍ መጀመሪያ እናንተ ዘንድ ይሰለፋል፣ ከዚያ እንደገና ምኒልክ ይሰለፋል። በአንድ ጉዞ ያልቅ የነበረው ሁለት ይሆናል።

ሲስተር፦

ሪፈሩ ለደም ምርመራ በሚመጡበት ቀን አስቀድሞ ተጽፎ በካርዱ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ የጤና ጣቢያ ኃላፊው ከፈቀደ ይህን ለማድረግ አዲስ ደንብ አያሻም። በሐኪሙ ዝርዝርም እስማማለሁ፤ የማልስማማው የሳምንቱ ቁጥር አንዴ ከተጻፈ አይነካም ከተባለ ነው። ወረርሽኙ በከተማው ሲጠናና ሲላላ ቁጥሩም አብሮ መለወጥ አለበት፤ ያንን ለመለወጥ ደግሞ ሐኪሙና ነርሷ በስልክ መነጋገር ይኖርባቸዋል።

መምህር፦

ይነጋገሩ፤ ቁጥሩን ግን ማሳጠር እንጂ ማራዘም በስልክ አይፈቀድላቸው። ማራዘም የሚቻለው ዓይኑ ታይቶ ብቻ ነው።