የተሸነሸነ ቀን፦ በሲልቨር ስፕሪንግና በአዲስ አበባ

ለዋሽንግተን ዲሲ ቅርብ በሆነችው በሲልቨር ስፕሪንግ በምኖርበት ቤት፣ ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ሳምንቱ በሰባት ዓምድ፣ እያንዳንዱ ቀን ደግሞ በግማሽ በግማሽ ሰዓት ተሸንሽኖበታል። ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የእኔ ሺፍት፣ የባለቤቴ ሺፍት፣ የቤት ሥራ ማሠራት፣ ልብስ ማጠብ፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው። እዚህ አገር ይህን አሠራር ታይም ብሎኪንግ ይሉታል፤ የሚሠሩ ነገሮችን ዝርዝር ይዞ ቀኑን ከመጋፈጥ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት ቆርጦ መስጠት፣ በዚያም ሰዓት ውስጥ ሌላ ነገር አለመንካት ማለት ነው። እኔን በእጅጉ ጠቅሞኛል። ሁለት ሥራ እየሠራሁ የማታ ትምህርቴን የጨረስኩት በዚሁ ወረቀት ስለሆነ፣ የምጽፈው ዘዴውን ለማጣጣል እንዳልሆነ ከወዲሁ መናገር እፈልጋለሁ።

ባለፈው ክረምት ለሦስት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ቀኖቼን በዚያው መንገድ ሸንሽኜ ነበር። ማክሰኞ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የእናቴን ቤት ሰነድ ጉዳይ ማስፈጸም፣ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባንክ መድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ዘመድ መጠየቅ የሚል ዕቅድ ይዤ ወጣሁ። የሄድኩበት መሥሪያ ቤት «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ሞክር» አለኝ። ከሰዓት ስመለስ የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ገብተዋል ተባልኩ። ረቡዕ ጎረቤት ሐዘን ስለደረሰበት እናቴን ይዤ ለቅሶ ዋልኩ፤ ሐሙስ ደግሞ በታክሲ ሰልፍ የቆምኩበት ጊዜ ብቻውን አንዱን የጠዋት ክፍል ዋጠው። በአራተኛው ቀን ተናድጄ እናቴ ፊት «እዚህ አገር የሰው ጊዜ ዋጋ የለውም» አልኩ። ይህን በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ያን ስናገር ታላቅ እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራበት የስፌት መኪና በኤሌክትሪክ የሚነዳ ሲሆን ካውያዋም እንዲሁ ነው፤ መብራት ደግሞ በሰፈሯ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። በዚያው ሰሞን አንድ ሙሉ ቀን አጠገቧ ውዬ አሠራሯን አየሁ። መብራት ካለ መስፋትና መተኮስ እንጂ ሌላ ነገር አትነካም። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ወደ መስኮቱ ትጠጋና ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ በእጅ ትሰፋለች። ደንበኛ ሲመጣ የምትለካው፣ ቀጠሮ ለመስጠትም ስልክ የምትደውለው በዚሁ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ለእጥበት ተትቷል። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ስጠይቃት ከሥራዋ ቀና ሳትል «መብራት እያለ ጨርቅ ስቆርጥ ካየኸኝ ያን ቀን ከስሬያለሁ ማለት ነው» አለችኝ።

ይህ ታይም ብሎኪንግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የእኔ ወረቀት ቀኑን የሚሸነሽነው በሰዓት ነው፤ እርሷ የምትሸነሽነው ባለው ሁኔታ ነው። እኔ በሰዓት መሸንሸን የምችለው አውቶቡሱ በሰዓቱ ስለሚመጣ፣ መብራቱ ስለማይጠፋ፣ መሥሪያ ቤቱም የሰጠኝን ቀጠሮ ስለሚያከብር ነው። ለዓመታት የራሴ ጉብዝና አድርጌ የቆጠርኩት ነገር አብዛኛው ሌሎች ያቆሙት ምሰሶ ነበር። ምሰሶው በሌለበት የሰዓት ወረቀት ይዞ መሄድና ወረቀቱ ሲፈርስ ሰዎቹን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቀንን መክፈል ከውጭ የመጣ ዕውቀት እንዳልሆነም ልብ ማለት ይገባል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዕለቱ በሰባት የጸሎት ጊዜያት የተከፈለ ሲሆን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓትና ሠርክ የቀኑ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት የሌሊቱ ናቸው። የሙስሊሙም ቀን ከፈጅር እስከ ዒሻ በአምስቱ ሰላቶች የተያዘ ነው። በአሜሪካም በኩል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አታሚና የፖለቲካ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን የቀኑን 24 ሰዓት ከፋፍሎ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ አስፍሯል፤ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሣና ከ2 ሰዓት ጀምሮ ይሠራ ነበር። የሚገርመኝ ግን ይህ ሰው ራሱ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ሥርዓት መጠበቅ እንደነበር መጻፉ ነው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ በሰው ቤት ተቀጥሮ ለሚሠራ አታሚ ይህ ሊቻል ቢችልም፣ ከዓለም ጋር የሚገናኝና ባለጉዳይን እነርሱ በሚመቻቸው ሰዓት የሚቀበል ባለቤት ግን በትክክል ሊጠብቀው አይችልም ይላል። እህቴ ባለጉዳይ የምትቀበል ባለቤት ናት፤ እኔ ደግሞ ተቀጣሪው ነኝ።

ይህን ስል በአገር ቤት የሚታየው ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። መብራት መጥፋቱ ለቀጠሮ አንድ ሰዓት ዘግይቶ መምጣትን አያጸድቅም፤ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ እያለ ስብሰባ መግባትም የሌላውን ሰው ቀን መውሰድ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ በደል የሚከብደው እንደ እህቴ ቀኗን በጥንቃቄ በያዘችው ሰው ላይ መሆኑ ነው። «ነገ ተመለሽ» ስትባል የምታጣው መብራት ያለበትን ጠዋት ነው። አገር ቤት ላሉ ወጣቶች ምክር ስጥ ብባል፣ ከባዱን ሥራ ጉዳይ ከማይነካው ከማለዳው ክፍል ውስጥ አስገቡ፣ ከሰዓት በኋላውን ግን ሙሉ በሙሉ አትሙሉት፣ ለመብራትና ለኔትወርክ መጥፋትም የሚሆን ሥራ አስቀድማችሁ አዘጋጁ እላለሁ። ለቅሶውን ከዕቅዱ ውጭ የመጣ እንቅፋት አድርጎ የሚቆጥር ዕቅድ ደግሞ ለእኛ የተሠራ አይደለም።

እኔም ስመለስ ወረቀቴን እንደ አዲስ አየሁት። ከዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ ለእናቴ የተሰጠ አንድም ክፍል አልነበረም፤ እደውልላት የነበረው መኪና ውስጥ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስሄድ ነበር፤ ንግግራችንም መንገዱ ሲያልቅ ያልቅ ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት በዚህ አገር 8 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ 9 ሰዓት ላይ፣ አቦሉ ሲቀዳ እደውላለሁ፤ ቶናው እስኪጠጣ ድረስም ስልኩን አልዘጋም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ያው 8 ሰዓት ለእናቴ 10 ሰዓት ሆነባት፤ ቡናውንም ሳታስፈላ አንድ ሰዓት ስትጠብቀኝ እንደቆየች እህቴ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ወደ 7 ሰዓት አምጥቼዋለሁ።