ከርት ዋርነር ከሱቅ መደርደሪያ በቀጥታ ሱፐር ቦውል አልገባም

ስለ አሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ከርት ዋርነር የምትሉትን አነበብኩ። ታሪኩን እኔም በጣም እወደዋለሁ። ግን «ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ተገኝቶ በቀጥታ ሱፐር ቦውል አሸነፈ» የሚለው ልክ አይደለም። (ሱፐር ቦውል የአሜሪካን ፉትቦል ትልቁ ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ የፍጻሜ ጨዋታ ነው።)

ዕቃ መደርደሩ እውነት ነው። ከኖርዘርን አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ1994 እ.ኤ.አ. የኤንኤፍኤል ቡድን የሆነው ግሪን ቤይ ፓከርስ ሞከረው፣ አሰናበተው። ከዚያ ሴዳር ፎልስ ከተማ ሱቅ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ሠራ። ሱፐር ቦውል ያሸነፈው ግን በጥር 2000 ነው። በመሃል አምስት ዓመት አለ።

በነዚያ ዓመታት ሰውዬው ሲጫወት ነበር! ከ1995 እስከ 1997 ለአዮዋ ባርንስቶርመርስ ቡድን በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን ፉትቦል ተጫወተ። እዚያ ሜዳው 50 ያርድ ብቻ፣ የመደበኛው ግማሽ ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም እንደ ዋርነር ኳስ ወርዋሪ የሆነው ተጫዋች፣ ቶሎ አይቶ ቶሎ መወርወር አለበት። በኋላ የተደነቀበት ፍጥነት በአብዛኛው እዚያ የተሳለ ይመስለኛል። በ1998 አምስተርዳም ሄዶ በአውሮፓ ሊግ ለሚጫወተው ለአድሚራልስ ቡድን ተሰለፈ፤ በዚያው ዓመት የኤንኤፍኤል ቡድን የሆነው የሴንት ሉዊስ ራምስ ተጠባባቂ ሆነ። በ1999 የራምስ ዋና ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን ጉልበቱን ሲጎዳ የዋርነር ተራ ደረሰ።

ይህን መዝለል ጉዳት አለው። ከትንሽ ኮሌጅ የወጣ ልጅ፣ ቁጭ ብሎ ስልክ መጠበቅ ይበቃል ብሎ ያስባል። አነስተኛ ሊግ ሲጠራውም ይንቃል።

ማጣራት ቀላል ነው። ዋርነር በ2017 የፕሮ ፉትቦል ሆል ኦፍ ፌም፣ ማለትም ታላላቅ ተጫዋቾች የሚከበሩበት ተቋም፣ አባል ሆኗል። በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉና ከ1994 እስከ 1999 ያለውን ዓመት በዓመት ተመልከቱ።