የተመራቂዎቹንም ኤግዚቢሽን አትርሱ

ስድስት ኪሎ የሚገኘው በሠዓሊው ስም የተጠራው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በዓመቱ ያሳያቸውን ኤግዚቢሽኖች አንድ በአንድ በዘገባችሁ ስለዘረዘራችሁልን እናመሰግናለን። ግን አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል፤ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምረቃ ሥራ። ትምህርት ቤቱም እንደ ማዕከሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ኤግዚቢሽን የተመራቂዎቹ ነው።

አንድ ዓመት ስገባ ሸራው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። አንዲት ተመራቂ እናቷን ይዛ መጥታለች። ሥዕሉ ላይ ያለው የቤታቸው ጀበና ነው፤ አፉ ላይ የተሸረፈው እንኳ አልቀረም። እናትየው በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትክ ብላ አየችው። "ውይ፣ ይኼማ የኛው ነው!" አለች። እኔም እንባዬ መጣ።

አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገብረ ክርስቶስም ጀርመን ተምሮ ሲመለስ እዚያው አስተምሯል። ስለዚህ የልጆቹ ሥራ ከማዕከሉ ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

የምረቃ ኤግዚቢሽን ቶሎ ይነሳል። ሥዕሎቹ ተጠቅልለው ወደየቤቱ ይሄዳሉ፣ አብዛኞቹን ዳግም አናያቸውም። እባካችሁ በሚቀጥለው ምረቃ ካሜራ ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆቹንም አነጋግሩልን።