ዘፈኑ የማራያ አይደለም፤ የኒልሰንም አይደለም

ዝናቡን ችያለሁ። የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ዐርባ ደቂቃ ቆሜ ችያለሁ። ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ሲያጣብቀኝም ትንፍሽ አላልኩም። ትናንት ማታ ትዕግሥቴን ያሟጠጠው የሬዲዮ አቅራቢው ነው። «አሁን ደግሞ» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «በዚህ ዝናባማ ምሽት ማራያ ኬሪ ከልቧ ጽፋ ለዓለም ያበረከተችውን፣ ዘመን የማይሽረውን ዘፈን እንጋብዛችኋለን።» ፒያኖው ጀመረ። «ዊዝአውት ዩ» ነው።

ጽፋ! ዘፈኑ በ1970 ሲወጣ ማራያ ኬሪ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። («በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በዚህ ደግሞ አትጨቅጭቁኝ።)

አጠገቤ የተቀመጠች፣ ተማሪ የምትመስል ልጅ አብራ ታንጎራጉራለች። አላስቻለኝም። «የእኔ ልጅ፣ ዘፈኑ እኮ የእርሷ አይደለም» አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «የእርሷ ነው እንጂ ጋሼ፤ ይኸው» ብላ ስልኳን አስጠጋችልኝ። እውነትም የዘፈኑ ርዕስ አለ፤ ከሥሩ «ማራያ ኬሪ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከፊት የተቀመጡ ሸበቶ ሰውዬ ዘወር ብለው «ሁለታችሁም አታውቁም፤ የኒልሰን ነው። እኛ በደርግ ጊዜ የጨፈርንበት!» አሉ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን «የቢትልስ ነው ሲባል ነው የሰማሁት» ብሎ ነገሩን አባባሰው።

ሾፌሩን ይቅር ብዬዋለሁ። የእርሱን ስሕተት ሃሪ ኒልሰን ራሱም ተሳስቶታል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማው ሰው ቤት ግብዣ ላይ ነው፤ የቢትልስ መስሎት ነበር። አይፈረድበትም። ዘፈኑ ያለበት አልበም የታተመው ቢትልሶች ባቋቋሙት፣ አፕል በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ነው፤ ፕሮዲውሰሩም የቢትልሶችን ድምፅ ሲቀርጽ የኖረው ጄፍ ኤመሪክ ነበር። ዘፈኑን የሠሩት ግን ባድፊንገር በሚባል ባንድ ውስጥ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ የዌልሷ ስዋንሲ ልጅ ፒት ሃም፣ ሌላው የሊቨርፑሉ ቶም ኤቫንስ። ስማቸውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ በሬዲዮ አትሰሙትም።

ሁለቱ ለንደን ውስጥ ከባንዱ ጋር በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ደግሞ ሁለት ግማሽ ዘፈን ነው። ሃም ሆድ የሚያባባ መግቢያ ጽፏል፤ አዝማቹ ግን አልመጣለትም። ኤቫንስ ደግሞ ጥላው ወደ ጀርመን በሄደች ሴት ሰበብ የመጣለት አዝማች አለው፤ መግቢያው አልሆነለትም። ሁለቱን ቁራጮች ገጠሟቸው፤ ልክክ አሉ። አሁን ዓለም የሚያውቀውን ያን «መኖር አልችልም» የሚለውን ጩኸት የጻፈው ኤቫንስ ነው፤ ወደ ጩኸቱ ደረጃ በደረጃ የሚያደርሰን ሃም ነው። ሌላው ቀርቶ ባንዱ ራሱ የዘፈኑን ክብደት ያወቀ አይመስልም፤ በአውሮፓም በአሜሪካም ነጠላ ዘፈን አድርጎ አላወጣውም። የእነርሱን ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙት። ጊታሩ ሸካራ ነው፣ ድምፃቸው ያልተሞረደ ነው፤ ሰው ማድ ቤት ሆኖ ኀዘኑን ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ያለ ነገር አለው።

ኒልሰን ደግሞ ሌላ ነገር አደረገው፤ ይህን ልክደው አልችልም። በ1971 ለንደን ገብቶ በፕሮዲውሰሩ በሪቻርድ ፔሪ መሪነት ቀረጸው። ጊታሩን ገለል አድርገው በጋሪ ራይት ፒያኖ ብቻ ጀመሩት። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፖል ባክማስተር ያቀናበራቸው ቫዮሊኖች ከኋላ ቀስ ብለው ይገባሉ። የመጀመሪያውን አዝማች ዝቅ ባለ ድምፅ ይለዋል፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ይፈነጠራል። በ1972 አሜሪካ ውስጥ አራት ሳምንት፣ እንግሊዝ ውስጥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ግራሚም አሸለመው። የሚገርመው ኒልሰን ራሱ የተዋጣለት ደራሲ መሆኑ ነው። እርሱ የጻፈውን ሌሎች ዘፍነው ገነኑበት፤ እርሱ ሁለት ግራሚ የወሰደው ደግሞ ሌሎች በጻፏቸው ሁለት ዘፈኖች ነው። ስለዚህ ሸበቶው ሰውዬ ሆይ፣ ኒልሰንም ቢሆን ሌላ ሰው የጻፈውን ነው የዘፈነው!

ማራያ ኬሪ የመጣችው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እርሷም የኒልሰንን ቅጂ ይዛ ነው የሠራችው። ኒልሰን ጥር 15 ቀን 1994 ሞተ፤ የእርሷ ነጠላ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ የወጣው ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ። ድምፅማ አላት፤ ማን የላትም አለ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ነው። ስማቸው ቢጠፋ እንኳ ገንዘቡ በደረሳቸው ነበር! ባድፊንገሮች ገቢያቸውን ሁሉ ስታን ፖሊ ለሚባል አሜሪካዊ ሥራ አስኪያጅ አስረክበው ራሳቸው ደመወዝተኞች ሆኑ። ዘፈናቸው በየአገሩ አንደኛ እየወጣ እነርሱ ወር እስኪደርስ ይቆጥራሉ። በ1974 ወደ ዋርነር ብራዘርስ ከተሻገሩ በኋላ በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ የገባበት ጠፋ፤ ኩባንያው ከሰሳቸው፤ አልበማቸው ከገበያ ተነሣ። ፒት ሃም አዲስ ቤት ገዝቷል፤ ፍቅረኛው ነፍሰ ጡር ናት፤ እጁ ላይ ግን ሳንቲም የለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1975 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 28 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በተወው ማስታወሻ ላይ ፖሊን በስም ጠርቶ ወቅሶታል። ልጁ የተወለደችው ከወር በኋላ ነው። ቶም ኤቫንስም በኅዳር 1983 በዚያው መንገድ ሄደ፤ ያኔም የዚሁ ዘፈን ገቢ ክፍፍል ጭቅጭቅ አልበረደም ነበር።

ታዲያ በየሆቴሉ አዳራሽ፣ በየሠርጉ የኬክ ቆረሳ ላይ ይህ ዘፈን ሲከፈት እኔ እንዴት ልደሰት? በነገራችን ላይ ሙሽሮች ሆይ፣ ዘፈኑ የመለያየት ነው። ማን እንደሚመርጥላችሁ አላውቅም።

ልጅቷን በስልኳ አልወቅሳትም። እኔስ ማን ነበርኩ? በእኛ በ1986 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ይህን ዘፈን የሰማሁት ሰፈራችን ካለ ካሴት ቤት በተቀዳ ካሴት ነው። ልጁ ባዶ ካሴት ተቀብሎን «ስሎው» ብሎ ይቀዳልናል፤ ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ማራያ» ብሎ ይጽፋል፤ አለቀ። የመጨረሻው ዘፈን ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል። ቃላቱንም እንደመሰለን ነበር የምንጮኸው። በ2008 አንዲት ቡልጋሪያዊት የዘፈን ውድድር ላይ «ካንት ሊቭ» (መኖር አልችልም) የሚለውን «ኬን ሊ» እያለች ዘፍናው ዓለም ሲስቅባት እኔ አልሳቅሁም፤ እኛ ከእርሷ ቀድመን «ኬን ሊ» ብለናል።

ነገር ግን እዚያው ካሴት ቤት፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ የአገራችን ካሴቶች ነበሩ። ሽፋኑን ዘርጋ ስታደርጉት ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ከታች ደግሞ ቅንብር እገሌ ይላል። ፊደሉ የጉንዳን እግር ቢያህልም ይነበባል። ታላቅ እህቴ ካሴት ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው የዘፋኙን ፎቶ አልነበረም፤ ግጥሙን ማን እንደጻፈው ነበር። «የእርሱ ከሆነ ይገዛል» ትል ነበር። ይህ ሁሉ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው! አሁን የዓለምን ሙዚቃ ሁሉ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን፤ የደራሲውን ስም ለማግኘት ግን ሦስት ቦታ መነካካት አለባችሁ፤ ያውም ካለ። ስለ ቅጂ መብት በእኛ በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት አለው። አቅራቢዎቻችን አንብበውት ይሆን? ከዘፈኑ በፊት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው የሚያወራ ሰው ሁለት ስም ለመጥራት ጊዜ ያጣል?

ትናንት እንግዲህ ይህ ሁሉ በሆዴ እየተንተከተከ ሚኒባሱ መገናኛን ሳይለቅ ስልኬን አወጣሁ። ጣቢያው ለአድማጮች በሰጠው ቁጥር እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ዘፈኑን የጻፉት ፒት ሃምና ቶም ኤቫንስ ናቸው። ኒልሰን በ1971 ዘፍኖታል፤ ማራያ ኬሪ ከእርሱ በኋላ ናት።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ አሰፈርኩ። ደራሲ ይጠራ የሚል ሰው ስሙን ሊደብቅ አይገባም ብዬ።

ሃያ ሁለት አካባቢ ስንደርስ አቅራቢው ተመለሰ። ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ልቤ ዘለለ። «አድማጫችን አንድ እርማት ልከውልናል፤ ከልብ እናመሰግናለን። የዘፈኑ ባለቤት ማራያ ሳትሆን ኒልሰን ነው ብለዋል።» ቀጥሎ ማስታወቂያ።

ሸበቶው ሰውዬ ወንበሩን በመዳፋቸው መቱት። «አላልኳችሁም?» አሉ። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የላኩት? የኒልሰንም አይደለም ብለው አልነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? መልእክቱን ከፍቼ ላሳያት ስል ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ቤቴ በር ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ ወንድም ነው።

«በሬዲዮ ሰማንህ፣ ኮራንብህ!» አለኝ። «ግን ኔልሰን ማንዴላ ይዘፍን ነበር እንዴ?»