«አይነክስም» የሚለው ግሥ እርባታ

ሰሞኑንም ያችው ቃል ተሰማች። ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ባቱን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል እየወረደ ካልሲው ውስጥ ይገባል። ባለ ውሻው ከበላዩ ቆሞ፣ ፈገግ እንደማለት እያለ፣ «ኧረ እሱ አይነክስም!» ይለዋል። ልብ በሉ፣ «አይነክስም ነበር» እንኳ አላለም። እንዲህ ያለ ጽኑ እምነት በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ክራንቻ የመሰከረበትን፣ ሱሪ የተቀደደበትን ጉዳይ በአንዲት ግሥ መካድ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ዛሬ ባለ ውሾችን እናመስግናቸው፤ ወቀሳው እንደሆነ ሰልችቷቸዋል።

በመጀመሪያ ቁጠባቸው ይደነቅ። ሌላው ሞኝ ውሻ ሲያሳድግ ገንዘቡን ይበትናል። ትልቅ ውሻ 1 ሜትር የሆነች አጥር ብዙ ሳይንደረደር እንደሚዘል ስለሚያውቅ ወደ 1 ሜትር ከ80 ከፍ ያደርጋታል። ውሻው የሚቆፍር ከሆነ ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ይቀብረዋል። ውሻ አጥር ከመስበር ይልቅ እንግዳ ሲገባ በተከፈተች በር ሹልክ ማለት ስለሚቀለው፣ በሩን በራሱ ጊዜ የሚዘጋ አድርጎ ያሠራዋል፤ የተጠነቀቀው ደግሞ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ሁለት በር ያደርጋል። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ኮተት በአንድ ቃል ተክቶታል። «አይነክስም» አይዝግም፣ አይበጠስም፣ ዝናብ አያበላሸውም። አጥሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳም ቃሏ ትደፍናታለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረት እሱን አይመለከተውም፤ የሱ ችግር የሚገባው ሳይሆን የሚወጣው ነው።

የዚህች ቃል አሠራር ግን በቅጡ አልተጠናም፤ እስቲ እናጥናው። ባለ ውሻው ከእናንተ 30 ሜትር ርቋል እንበል። ገመዱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ የባለቤቱ አንገት ላይ። ውሻው አያችሁ፣ ጆሮውን ቀሰረ፣ ተፈተለከ። ደህና የሚሮጥ ትልቅ ውሻ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ በሰከንድ 11 ሜትር መሆኑ ነው። 30 ሜትሩን 3 ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሳታል። በዚሁ ቅጽበት ባለ ውሻው አፉን ይከፍታል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ እስከዚህ ድረስ ቀዳሚው ባለቤቱ ነው፤ ተስፋ አለ። ነገሩን የሚያበላሸው ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አይዞህ ወንድሜ፣ አትፍራ፣ ዝም ብለህ ቁም፣ እሱ እኮ ከልጆች ጋር ነው ያደገው፣ ሰው ሲያይ ደስ ብሎት ይዘላል እንጂ…» እዚህ ላይ 5 ሰከንድ አልፏል። ውሻው ከደረሰ ቆይቷል፣ ሥራውንም ጀምሯል፤ ዋናዋ ቃል ግን ገና ጉሮሮ ውስጥ ናት። በ6ኛው ሰከንድ «አይነክስም» ስትደርስ የምታገኘው የተነከሰ ሰው ነው።

ልምድ ያላቸው ባለ ውሾች ይህን ተረድተው ግሡን ወደ ፊት አምጥተውታል፤ «አይነክስም አይዞህ!» ብለው በአንድ ሰከንድ ይገላገላሉ። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውሻ አሉታ አያውቅም። ከጌታው ድምፅ የሚሰማው ሞቅ ማለቱን ነው፤ ጌታውም ከኋላው እየጮኸ ነው። ከ«አይነክስም» ላይ ከፊት ያለችውን «አይ»ን፣ ከኋላ ያለችውን «ም»ን አንሡና መሀል የቀረውን ለውሻው ጆሮ ተዉለት። ምን እንዳዘዘው ገባችሁ?

ሌላው መፍትሔ ርቀቱን መጨመር ነው። ሒሳቡ እንደሚያሳየው ዐረፍተ ነገሩ ከውሻው ቀድሞ እንዲያልቅ ባለቤቱ ወደ 70 ሜትር መራቅ አለበት። ስለዚህ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ባለ ውሻ ከሰው 70 ሜትር ርቆ ውሻውን ይልቀቅ፤ ከዚያ ርቀት ላይ ሆኖ ውሻውን መያዝ እንደማይችል የታወቀ ነው፣ ከቅርብም ይዞት አያውቅም። ረዥም ትንፋሽ የሌለው ከቤቱ በር ጀምሮ እያለ ይምጣ። ወይም ቃሉን በቴፕ ቀርጾ ውሻው አንገት ላይ ያንጠልጥልለት፤ ውሻውና መግለጫው በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። 2 ሜትር የማይሞላ ጠንካራ ገመድ በእጁ የያዘ ሰው ይህ ሁሉ ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ለዚህ ይሆናል ገመድ የያዙ ሰዎች መንገድ ላይ ዝምተኞች የሚሆኑት። ያችን አምስት ሜትር የምትተረተረውን ባለ ቁልፍ ገመድ እዚህ አልቆጠርኳትም፤ ውሻው ተንደርድሮ ጫፏ ላይ ሲደርስ ወይ ትበጠሳለች፣ ወይ እጀታዋ ታመልጣለች፣ ክሯን በባዶ እጁ ለመያዝ የሞከረውም ጣቱን ትልጠዋለች።

ከንክሻው በኋላ የግሡ እርባታ ይጀምራል። ውሻ ማርባት ማንም ይችላል፤ ግሥ ማርባት የባለ ውሻ ነው። «አይነክስም» ብሎ የጀመረው ደሙን ሲያይ ወደ ኀላፊ ጊዜ ይሸሻል፤ «ነክሶ አያውቅም»። ትክክል ነው፣ የሚነክስ ውሻ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነክሶ አያውቅም። ቀጥሎ ግሡን ይለውጠዋል፤ «አልነከሰህም እኮ፣ ጫር ነው ያደረገህ»። ከዚያ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ይቀየራል፤ «ምን አድርገኸው ነው?»። ነገሩ ገፍቶ ካሳ የሚል ቃል ከተነሣ ደግሞ ሰዋስው ወደማያውቀው ከፍታ ይወጣል፤ «ውሻው እኮ የኔ አይደለም፣ የወንድሜ ነው»። ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር፣ ባለቤት የሌለው ውሻ።

የውሻ ባሕርይ ዕውቀታቸውም ሳይመሰገን አይታለፍም። «ጭራውን እየቆላ እኮ ነው!» ይላሉ። ጭራ ዝቅ ብሎ፣ ዳሌን ጭምር እያወዛወዘ ዘና ብሎ ሲቆላ አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ ሲንቀጠቀጥ ሌላ ነው፤ ያ ውሻ ተወጥሯል። ውሻ ብዙውን ጊዜ ከመንከሱ በፊት በተራ በተራ ይናገራል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞርና በዓይኑ ነጭ ይመለከታል። ካልተሰማ አፉን ገጥሞ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ይህች ቅጽበት ከሁሉ ትከፋለች፣ ብዙ ሰውም «ተረጋጋ» ብሎ እጁን የሚሰድደው ያኔ ነው። ከዚያ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያገጥጣል፣ አየር ይነክሳል። ሥርዓት አስተማሪው ባለ ውሻ ግን ሲያጉረመርም በዱላ ይለዋል። ውሻው እንግዳ መውደድን ከዱላው አይማርም፤ የሚማረው ማጉረምረም እንደሚያስመታ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መቅድሙን ዘልሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። ባለቤቱም፣ «ድንገት ነው፣ ምንም ምልክት አላሳየም» ይላል። እውነቱን ነው። የመኪናውን ጥሩምባ የነቀለ ሰውም ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ አልሰማሁም ሊል ይችላል።

ከዚህ የሚበልጥ አስተዋይ ደግሞ አለ፤ ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት ግንድ ላይ አስሮ የሚያሳድግ። ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምደው በዋናነት ከ3ኛው እስከ 12ኛውና 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ያየው ግንዱን ብቻ ነው። የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ ያለው ምርጫ አንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ፣ በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ የተደረገ ጥናት የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ሲያነጻጽር፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት መታሰር ከነካሾቹ ጋር 3 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ተያይዞ አግኝቶታል። ሰውየው ግን አሰርኩት ብሎ ይተኛል። አንድ ሌሊት ሰንሰለቷ ስትበጠስ ሰፈሩ አብሮት ይነቃል።

አፍ ማሰሪያውም አይረሳ። ሕግ ያስገደደው ባለ ውሻ በእርግጥ ይገዛል፤ በኪሱ ይዞት ይዞራል። ከኪስ ያወጣው ደግሞ ያቺን የጨርቅ ቀለበት ነው፣ አፍን ጥርቅም አድርጋ የምትዘጋውን። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ አፉን ጨፍነህ በፀሐይ ካስሮጥኸው በሙቀት ሊሞት ይችላል። ለመንገድ የሚሆነው ቅርጫት መሳይ ሆኖ ውሻው ውስጡ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክበት፣ ውኃም የሚጠጣበት ነው። ርዝመቱ የአፍንጫው ጫፍ ሽቦውን እንዳይነካ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ ጠርዙ ዓይኑ ሥር አይቆረቁረውም፤ ጠፍሩ ሥር አንድ ጣት ይገባል። ማልመዱ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፦ ምግብ ቅርጫቱ ውስጥ አድርጎ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሰከንድ ማሰር፣ ከዚያ ማርዘም። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? «አይነክስም» ማለት ይቀላል።

ልጅ ሲነከስ ግን ምኑም አያስቅም። የሕፃን ፊት ከትልቅ ውሻ አፍ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ጉንጭ፣ ከንፈርና አንገት ይነከሳል። ክራንቻ የገባበት ቀዳዳ ላዩ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ ነው፤ ከላይ ደርቆ ከሥር ይመግላል። እብድ ውሻ የለከፈው ከሆነ ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከፊት ደግሞ አንጎል ቅርብ ነው። በዓለም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ሰው ከያዘው ከመቶ 99ኙ በውሻ የመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የሚያድነው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዕለቱ ክትባት መጀመርና ቀጠሮውን አለማቋረጥ፣ ቁስሉ ከከፋ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋውን መድኃኒት መጨመር። ውሻው በሕይወት ኖሮ 10 ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ቢሆን፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረስ እንዳልነበረ ይታወቃል። ባለ ውሻው ያን ማታ የሚያደርገው ምንድን ነው? ውሻውን ዘመድ ጋ ይወስደዋል፣ ወይም ገድሎ ይቀብረዋል። የክትባት ወረቀት ሲጠየቅ «ተከትቧል» ይላል፣ መቼ ሲባል ዝም ይላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ነውረኛ ነው። ለአንድ መርፌ የሰሰተው እሱ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የልጇን ግንባር የምትዳስሰው እናቲቱ።

ወደ ምስጋናው እንመለስ። «የኔ ውሻ ዘሩ ክፉ አይደለም» የሚሉትንም እናክብራቸው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው የአደገኛ ውሾች ሕግ አንዳንድ ዓይነት ውሾችን በስም ከለከለች፤ በስም ያልተጠራበት ባለ ውሻ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። ያው ሕግ 3ኛ አንቀጹ ላይ ስለ ማንኛውም ዘር ውሻ እንደሚናገር፣ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሰውን ካሰጋ ባለቤቱ እንደሚጠየቅ ግን አያነብም። ሰነፍ ገጽ መገልበጥ አይወድም።

ማስታወቂያ ለጣፊውም አለ፤ አጥሩ ወድቋል፣ «ተናካሽ ውሻ አለ» የምትለው ቆርቆሮ ግን ቆማለች። ይህ ጥንታዊ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው የሮማውያን ከተማ ፖምፔ ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ በጠጠር የተሠራ የውሻ ሥዕል አለ፣ ከሥሩ በላቲን «ከውሻ ተጠንቀቅ» ይላል። ልዩነቱ የሥዕሉ ውሻ እንኳ መታሰሩ ነው።

ከዚያም የሚበልጥ ጥንታዊ አለ። በሜሶጶጣሚያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ የነበረችው ከተማ ኤሽኑና ከ3,800 ዓመት ገደማ በፊት በሸክላ ባኖረችው ሕግ፣ ክፉ ውሻ ያለውን ሰው የሰፈሩ ሹሞች ነግረውት ውሻውን ካልጠበቀ፣ ውሻውም ሰው ነክሶ ከገደለ፣ ባለቤቱ 40 ሰቅል የሚመዝን ጥሬ ብር ይከፍላል። ኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ ያችኑ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ለባለቤቱ ተነግሮት ነበር ወይ?

ለእኛው ሰው ተነግሮታል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ነግሮታል። ደብዳቤ ያደረሰው ነግሮታል። የጎረቤቱ ሠራተኛ የተቀደደ ቀሚሷን ይዛ መጥታ ነግራዋለች። ልጇን በዚያ በኩል መላክ ያቆመችው ሴት በአጥር ላይ ነግራዋለች። ለአራቱም በትሕትና፣ በአንድ ቃል መልሶላቸዋል።