ፋርንስዎርዝም ይታወስ

ስለ ቴሌቪዥን ጅማሬ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስኮትላንዳዊውን የፈጠራ ሰው ጆን ሎጊ ቤርድን በማንሳቱ ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. ጥር 1926 ለንደን ላይ ያሳየው ምስል የተሠራው ከ30 መስመር ብቻ ነበር፤ መስመሩ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይጠራል። ከዚያ በፊት የሞከረው በአሻንጉሊት ጭንቅላት ነው፤ የመብራቱን ሙቀት ሰው አይችለውም ነበራ!

አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ፊሎ ፋርንስዎርዝ መዘለሉ ግን ቅር አሰኝቶኛል። በ1927 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ እንደ ቤርድ ምስሉን መስመር በመስመር የሚያነብ ተሽከርካሪ ዲስክ ሳያስፈልገው፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ምስል አስተላለፈ። ምስሉ ምን መሰላችሁ? አንዲት ቀጥ ያለች መስመር። ልጁ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የምናየው ቴሌቪዥን የመጣው በዚያ መንገድ ነው።

ቢቢሲ በ1936 ለንደን ካለው አሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ስርጭት ሲጀምር የቤርድን ባለ 240 መስመር ዘዴ ከማርኮኒ-ኢኤምአይ ኩባንያ ባለ 405 መስመር ዘዴ ጋር እያፈራረቀ ሞከረ። በወራት ውስጥ 405ቱ አሸነፈ። የሚያንገበግበኝ፣ የዚያን ጊዜ ፕሮግራም በቀጥታ ስለሚተላለፍ አብዛኛው ሳይቀዳ መቅረቱ ነው።