አንድ ሰው፣ አንድ የንግድ ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካ ፊልም «አትላስ ሽረግድ» ክፍል አንድ ሲነሳ ተከራካሪው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ለግል ባለሀብቱ፣ ገሚሱ ለመንግሥት ይቆማል። እኔ ፊልሙ ውስጥ ያየሁት ጠብ ግን ዕቃ በሚሠራ ሰውና ባለሥልጣን በሚያውቅ ሰው መካከል ያለ ነው።

ታሪኩ የተወሰደው ከአየን ራንድ የ1957 ልብ ወለድ ነው። ዳግኒ ታጋርት የቤተሰቧን የባቡር ኩባንያ ለማዳን በኮሎራዶ ያረጀውን ሐዲድ ሃንክ ሪርደን በፈለሰፈው አዲስ ብረት ልትቀይር ትነሳለች። ከመንግሥት የሳይንስ ተቋም የተላከ ሰው ሪርደን ቢሮ መጥቶ የብረቱን መብት እንዲሸጥለት ይለማመጠዋል፤ ገንዘቡ የፈለገውን ያህል ነው። ሪርደን «የእኔ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ተቋሙም ብረቱን ሳይመረምር፣ ጉድለትም ሳያገኝ፣ ሕዝብ እንዲጠራጠረው የሚያደርግ መግለጫ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያሉት ሪርደንን በሥራ መብለጥ ያቃታቸው፣ ዋሽንግተን ደጅ የሚጠኑ ነጋዴዎች ናቸው። እነሱም ባለሀብቶች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ድርጅት እንዳይኖረው የሚከለክል ሕግ ይጸድቃል፤ ሪርደንም የማዕድን ጉድጓዶቹን ለሌሎች ይለቃል። የውጭ ተቺዎች ይህን ማጋነን ነው ቢሉ አይገርመኝም። እኛ ግን ኖረንበታል። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ አንድ ነጋዴ ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይኖረው ከልክሎ፣ ካፒታሉንም በችርቻሮ 200,000፣ በጅምላ 300,000፣ በኢንዱስትሪ 500,000 ብር ላይ ገደበ። ዳቦ ቤትና ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አንዱን መልቀቅ ነበረበት፤ የቀረው ቢቃናለት እንኳ ማደጊያ አልነበረውም። በእኩልነት ስም የወጣ ሕግ የሥራ ሰውን እጅ እንዴት እንደሚያስር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ፊልሙ የሚስተው ባቡሩ ላይ ነው። ታላላቆቹ የአሜሪካ ሐዲዶች በአንድ ጀግና ብቻ አልተዘረጉም። ፕሬዚዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1862 በፈረሙት ሕግ ዩኒየን ፓስፊክና ሴንትራል ፓስፊክ የተባሉት የባቡር ኩባንያዎች ከመንግሥት መሬትና የቦንድ ብድር አግኝተው፣ በ1869 ዩታ ላይ ሐዲዳቸውን አገናኙ። መንግሥት ባይኖርበት ያ መስመር በዚያ ፍጥነት አይዘረጋም ነበር። ሌብነቱም የመጣው በዚሁ በር ነው፤ በ1872 የፈነዳው፣ በዩኒየን ፓስፊክ የግንባታ ኩባንያ ስም የሚጠራው የክሬዲ ሞቢሊዬ ቅሌት የባቡሩ ሰዎች ለምክር ቤት አባላት አክሲዮን በርካሽ ሲያድሉ እንደነበር አጋልጧል።

ስለዚህ ፊልሙ የሚያቀርበውን መውጫ አልቀበልም። ባለሀብቶቹ አንድ በአንድ ይሰወራሉ፤ ኤሊስ ዋያት የነዳጅ ጉድጓዱን አቃጥሎ ይሄዳል። እዚያ ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች በማግስቱ ምን እንደሚበሉ የሚጠይቅ የለም። ሪርደን የጎደለው ያንን ተቋም «የምርመራ ውጤትህን አቅርብ» ብሎ የሚያስገድድ ፍርድ ቤት ነበር። ፈቃድ የተከለከለ ነጋዴ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚያገኝበት፣ ይግባኝ የሚልበት፣ ጨረታ በአደባባይ የሚከፈትበት አሠራር ቢኖር ዋያትም ጉድጓዱን ባላቃጠለ ነበር።